ያቺ ሴትዮ እንዴት ሆነች? ከተዘጉ በኋላ ስለማይለቁን ጌሞች

አክስቴ ጌም አትወድም። ልጆቿን ስታሳድግ ከሰፈር ጌም ቤት በጆሮ እየጎተተች ያወጣቻቸው ቀን ተቆጥሮ አያልቅም። ባለፈው ክረምት አንድ ከሰዓት ግን፣ ድሬ እንደ ልማዷ እንደ ምጣድ ስትግል፣ ቬንትሌተሩ ሥር ጋደም ብላ የትንሹን ልጇን ላፕቶፕ ታይ ነበር። ልጁ የሚጫወተው «ፔፐርስ ፕሊዝ» የሚባለውን ነው። ሩጫ የለበትም፣ ተኩሱም እምብዛም ነው። አንዲት ጠባብ የኬላ ክፍል፣ አንድ መስኮት፣ ከመስኮቱ ውጭ የማያልቅ ሰልፍ፣ ጠረጴዛው ላይ አረንጓዴና ቀይ ማህተም።

አንድ ሰውዬ መጣ። ወረቀቱ ሙሉ ስለነበር አለፈ። ሲያልፍ ግን ከኋላው ያለችው ሚስቱ እንደሆነች ነግሮ፣ እንዲራራላት ለመነ። ሴትየዋ ቀረበች። ፓስፖርት አላት፣ የመግቢያ ፈቃድ የላትም።

«ምን ትላለች?» አለች አክስቴ።

«ከመለሳችሁኝ ይገድሉኛል ነው የምትለው።»

አክስቴ ተነስታ ተቀመጠች። «አሳልፋታ! ምን ትጠብቃለህ?»

«እማ፣ ፈቃድ የላትም እኮ። ካሳለፍኳት ይጽፉብኛል። ሲደጋገም ደግሞ ከደሞዜ ይቆርጣሉ። ቤት ያለው ልጄ ታሟል፣ መድኃኒት አልገዛሁለትም።»

ልጁ ትንሽ ቆየና ቀዩን መታ። ሴትየዋ ወረቀቷን ይዛ ተመለሰች፤ ቀጣዩ ሰው መጣ። አክስቴ ምንም አላለችም። ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። በማግስቱ ጠዋት ቡና እየቀዳች ሳለ ግን፣ ከምንም ሳይነሳ፣ «ያቺ ሴትዮ እንዴት ሆነች?» ብላ ጠየቀችው።

ሴትየዋ የለችም። ጃፓን የሚኖረው አሜሪካዊ ሉካስ ፖፕ ለብቻው ሠርቶ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2013 ባወጣው ጌም ውስጥ ያለች፣ ፊቷ እንኳ በቅጡ የማይለይ፣ በጥቂት ነጠብጣብ የተሳለች ምስል ናት። ፖፕ ሐሳቡ የመጣለት በአየር ማረፊያዎች ሲያልፍ የፓስፖርት ተቆጣጣሪዎችን ሥራ እያየ እንደሆነ ተናግሯል። ጌሙ በአሥር ዓመት ውስጥ ከ5 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል። ይህን ያህል ሰው የኬላ ሠራተኛ ሆኖ ወረቀት ለማየት ገንዘብ መክፈሉ ራሱ የሚገርም ነው። እኔን የበለጠ የሚገርመኝ ግን አክስቴ ናት። ጌም የማትወድ፣ ቋንቋውን የማታውቅ፣ ቁልፍ ያልነካች ሴት ስለ አንድ ምስል ሌሊቱን ስታስብ አደረች። እንዴት ሆነ?

መልሱን ከመፈለጌ በፊት የሚምታቱ ሁለት ነገሮችን ልለይ። እናቶችም አስተማሪዎችም «ጌም ልጁን ያዘው» ሲሉ የሚያወሩት ከእጅ ስለማይወርድ ጌም ነው። ያ እውነተኛ ጭንቀት ነው፣ አላቃልለውም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀውና ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች መለያ ውስጥ የጌም ሱስን በሕመምነት አስገብቶታል። መለኪያው ሰውየው ራሱን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ከሌላው ኑሮው ሁሉ ጌሙን ሲያስቀድምና ጉዳቱን እያየ ሲቀጥል ነው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ 12 ወር ያህል መዝለቅ አለበት። በየሰፈሩ የምናየው የስልክ ጌም ደግሞ ሆነ ተብሎ እንዲህ የተሠራ ነው። ዛሬ ካልገባህ የዛሬው ሽልማት ያመልጥሃል ይልሃል። ነገም ያንኑ ይልሃል። ስታቆመው ግን አንድም ነገር ትቶልህ አይሄድም። ዓመት ሙሉ የተጫወትከውን ጌም ስልክህ ሲሰረቅ ከነስሙ ትረሳዋለህ።

እኔ የማወራው ስለ ተቃራኒው ነው። ሦስት ሰዓት፣ ቢበዛ አሥር ሰዓት ተጫውተህ የዘጋኸው፣ ደግመህ ለመክፈት እንኳ የማትፈልገው፣ ግን ባጃጅ ውስጥ ተቀምጠህ፣ ወይ ሻወር ስትወስድ ድንገት የሚመጣብህ ጌም አለ። ከመጀመሪያው ዓይነት መውጣት አትችልም፤ ሁለተኛው ግን አንተ ወጥተህ ሳለ እሱ ካንተ አይወጣም።

ነብር፣ ፍየልና ቅጠል ይዞ ወንዝ የሚሻገረውን ሰውዬ ሁላችንም በልጅነታችን ተጠይቀናል። ጀልባው የሚይዘው አንዱን ብቻ ነው፤ ነብርና ፍየል ለብቻቸው ከቀሩ ፍየሏ አለቀላት፣ ፍየልና ቅጠል ከቀሩ ቅጠሉ አለቀለት። ፍየሏን ቀድሞ ማሻገር፣ ኋላ ነብሩን ወስዶ ፍየሏን ይዞ መመለስ እንዳለበት እስክንደርስበት ድረስ ጭንቅላታችን ይግላል። ስንደርስበት ደስ ይለናል። ከዚያ በኋላ ስለ ሰውዬው ያሰበ አለ? የለም። መልስ ያለው ነገር መልሱ ሲገኝ ያልቃል። ሰውዬው ነብሩንና ፍየሏን ይዞ መዳን የማይችል ቢሆን፣ አንዱን የግድ ማጣት ቢኖርበት፣ የመረጠው ደግሞ የእኛ እጅ ቢሆን ግን ጥያቄው ዛሬም አብሮን ነበር።

«ፔፐርስ ፕሊዝ» የሚሠራው ይህንን ነው፤ አሠራሩም ረቂቅ ነው። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1982፣ አገሩ አርስቶትዝካ የምትባል የፈጠራ አገር ናት። አንተ በዕጣ ሥራ የደረሰህ ምስኪን ነህ። በትክክል ላየኸው ለያንዳንዱ ሰው በጌሙ ገንዘብ 5 ይከፈልሃል። ማታ ቤት ስትገባ ኪራይ፣ ምግብ፣ ማሞቂያ ተዘርዝሮ ይቀርብልሃል፤ ሚስትህ፣ ልጅህ፣ አማትህና አጎትህ አንተን ነው የሚያዩት። በቀን ሁለት ስህተት በማስጠንቀቂያ ይታለፋል፣ ሦስተኛው ከደሞዝ ይቆረጣል። ሕጉ ደግሞ በየጠዋቱ ይጨምራል። ትናንት ፓስፖርት ብቻ ይበቃ ነበር፣ ዛሬ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ነገ ሌላ ወረቀት ይታከላል። ስለዚህ ሰው ፊትህ ቆሞ ሲለምንህ አንተ ቀን እያየህ፣ ፎቶ እያመሳከርክ፣ ሰዓቱ እየሮጠብህ ነው። ጭካኔ የሚመጣው በክፋት ሳይሆን በችኮላ ነው። መጽሐፍ ወይም ፊልም ጨካኝ የኬላ ሠራተኛ ቢያሳየን እንረግመዋለን፤ እዚህ ግን አራተኛው ቀን ላይ ሰው ፊት ሳታይ ማህተም ስትመታ ራስህን ታገኘዋለህ። የምትረግመው ሰው ጠፋ።

ድሬዳዋ ላይ ይህ ጌም ከሌላው ከተማ ይልቅ የሚከብድበት ምክንያት አለ። ከተማችን ራሷ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ ሲደርስ ነው። ባቡር ባለበት ዕቃ አለ፣ ዕቃ ባለበት ኬላ አለ። በድሮው ባቡር ዘመን ከደወሌ፣ ከአይሻ፣ ከሽንሌ የሚመጡ ሴቶች ጨርቁን በቀሚስ ላይ ቀሚስ ደርበው፣ ሽቶውን ሕፃን አቅፈው፣ ድሪያውን ወገባቸው ላይ ጠምጥመው እንዴት እንደሚያልፉ የድሬ ልጅ ሁሉ ሲወራ ሰምቶ ነው ያደገው። ፊናንስ (የጉምሩክ ተቆጣጣሪ) የሚለው ቃል በእኛ ቤት ልጅ ማስፈራሪያ ነበር። አክስቴም በወጣትነቷ በዚያ መስመር ተመላልሳለች፤ ያን ከሰዓት ላፕቶፑ ላይ ያየችው ሰልፍ የራሷ ሰልፍ ነው። የማታውቀው ከመስኮቱ ወዲህ ያለውን ወንበር ነበር፤ ያንን ደግሞ የሚያሳያት ልጇ ሆነ።

እጅ የሚሠራውን ዓይን አይሠራውም። ይህን ከሁሉ በላይ ያሳየኝ «ብራዘርስ» የተባለው እ.ኤ.አ. የ2013 ጌም ነው። የሠራው ጆሴፍ ፋሬስ ቤይሩት ተወልዶ በልጅነቱ ከሊባኖስ ጦርነት ሸሽቶ ስዊድን ያደገ የፊልም ዳይሬክተር ነው። ሁለት ወንድማማቾች ለታመመ አባታቸው መድኃኒት ፍለጋ ይወጣሉ። ጆይስቲኩ ላይ ያለው የግራ ዱላ ታላቁን፣ የቀኙ ታናሹን ያንቀሳቅሳል፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አንተ ነህ የምትመራው። መጀመሪያ ላይ ያምታታል፣ ግራና ቀኝህ ይጣላሉ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን ትለምደዋለህ፤ ግራ እጅህ ታላቅ ወንድም ይሆናል። ታናሹ እናቱን ውሃ ስለበላት መዋኘት አይደፍርም፤ ወንዝ ሲመጣ የታላቁን አንገት ይዞ ይሻገራል።

ኋላ ታላቁ ይሞታል። (ጌሙን ልትጫወቱት ያሰባችሁ ይቅር በሉኝ፤ ይህን ሳልነግራችሁ ነገሬን ማስረዳት አልችልም።) ታናሹ ለብቻው ይመለሳል። ግራ እጅህ ጆይስቲኩ ላይ አለ፣ ግን የሚያንቀሳቅሰው ሰው የለም። ወንዙ ጋ ሲደርስ ልጁ ቆሞ ይንቀጠቀጣል። የእሱን ቁልፍ ብትጫን እሺ አይልም። ደጋግመህ ትጫናለህ፣ እምቢ ይላል። ከዚያ ባታስበውም ግራ እጅህ የሟቹን ቁልፍ ይነካል። ልጁ ውሃው ውስጥ ገብቶ መዋኘት ይጀምራል።

በዚህ ሰዓት ቃል አልተነገረኝም፤ ጌሙ ውስጥ የሚነገረው ቋንቋም ማንም የማይሰማው የፈጠራ ቋንቋ ነው። ግን ታላቁን ያጣ ታናሽ ምን ይሸከማል የሚለውን በግራ እጄ ጣት ነው የተረዳሁት። ሐዘን ቤት ሄጄ «እሱ ቢኖር ኖሮ» ሲባል በሰማሁ ቁጥር ያ ጣቴ ይሰማኛል።

ስለ ጦርነት የተሠሩት ጌሞች አብዛኞቹ ጠመንጃ ይሰጡሃል። የፖላንዱ 11 ቢት ስቱዲዮስ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2014 ያወጣው «ዚስ ዋር ኦፍ ማይን» ጠመንጃውን ወስዶ ድስት ይሰጥሃል። መነሻው እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1996 የተከበበችው የሳራዬቮ ኑሮ ነው። የፈረሰ ቤት ውስጥ ያሉ ጥቂት ሲቪሎችን ታስተዳድራለህ። ቀን ከአልሞ ተኳሽ ተደብቀህ ምድጃ ትሠራለህ፣ ማታ አንዱን የሚበላ ፍለጋ ትልካለህ። ከሰዎቹ አንዱ ፓቭሌ የቀድሞ ኳስ ተጫዋች ነው፤ ሩጫው ስለሚፈጥን ሁልጊዜ የምልከው እሱን ነበር። አንድ ማታ የአንድ ሽማግሌና የአሮጊት ባለቤታቸው ቤት ደረሰ። ጓዳው ሙሉ ነው፣ መድኃኒትም አለ። ሽማግሌው እየተከተሉ ይለምናሉ እንጂ ሌላ አቅም የላቸውም። የእኔ ቤት ሁለት ሰው ታሟል። ወሰድኩ። ሰዎቼ በሉ፣ የታመሙት መድኃኒት አገኙ። በነጋታው ግን ፓቭሌ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ጌሙ አልቀጣኝም፣ ነጥብም አልቀነሰብኝም። የላክሁት ሰው አዘነ፣ በቃ።

ድሬዳዋ በ1969 ዓ.ም. ነሐሴ ጦርነት ደጇ ድረስ ደርሶባት የነበረች ከተማ ናት። የዚያን ዘመን ሰዎች ስለ ታንኩና ስለ አውሮፕላኑ ጠይቋቸው፣ ይነግሯችኋል። ስለ ራሳቸው ጓዳ፣ ማንን አስገብተው ማንን እንዳላስገቡ ስትጠይቋቸው ግን ወሬ ይለውጣሉ። ከዚህ ጌም በኋላ ወሬ የሚለውጡበት ምክንያት ትንሽ ገባኝ።

ሁሉም ከባድ ጌም ግን እንዲህ አይሳካለትም። ስለዚህ ጉዳይ ሲወራ ሁሌ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. የ2012ቱ «ስፔክ ኦፕስ ዘ ላይን» ነው። በአሸዋ በተዋጠች ዱባይ ውስጥ ወታደር ሆነህ ነጭ ፎስፈረስ ትተኩሳለህ፤ ጭሱ ሲገለጥ ያቃጠልካቸው ሲቪሎች መሆናቸውን ታያለህ። ብዙ ሰው በዚህ ተነክቷል። እኔ ግን አልተቀበልኩትም። ላለመተኮስ ሞክሬያለሁ፤ ሳትተኩስ አያሳልፍህም። አስገድዶኝ ካስደረገኝ በኋላ ለምን አደረግክ ብሎ ሲወቅሰኝ፣ ያስቆጣኛል እንጂ አያሳስበኝም። የአክስቴ ልጅ ያንን ማህተም ሲያነሳ አረንጓዴውም እዚያው አጠገቡ ነበር። ልዩነቱ ይሄ ነው። ቶቢ ፎክስ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው «አንደርቴል» ይህን በደንብ ያውቃል፤ የገደልከውን ለመመለስ ጌሙን ብታጠፋና ካለፈው ብትጀምረው፣ ውስጡ ያለ ፍጡር ያደረግከውን አስታውሶ ይነግርሃል።

እንዲህ ያሉ ጌሞች ካሉ በየጌም ቤታችን ለምን አናያቸውም? ልጆቻችን ጥልቅ ነገር ስለማይወዱ ነው የሚል ሰው ገጥሞኛል፤ ስህተት ነው። ምክንያቱ ሒሳብ ነው። ጌም ቤት የሚከፈለው በጨዋታ ነው፣ ተሸናፊ ይከፍላል፣ ኋላህ ተራ የሚጠብቅ አለ። ኳስ አሥር ደቂቃ ይፈጃል፣ ድብድብ ሦስት ደቂቃ። አሥር ሰዓት የሚፈጅ ታሪክ ለዚህ ንግድ አይመችም። ብትጀምረው እንኳ ነገ ስትመለስ ሌላው ልጅ ሴቭ ያደረግከውን አጥፍቶብህ ታገኛለህ። ለዚህ ነው በእኛ ጊዜ ሜሞሪ ካርድ በኪሱ ይዞ የሚመጣ ልጅ እንደ ሀብታም የሚታየው። «ሳን አንድሪያስ»ን ስንጫወት ታሪኩን የጨረሰ አላውቅም፤ ደብተር ላይ የተገለበጠ ኮድ ነበረን፣ የገንዘብ፣ የታንክ፣ እሱን መትተን ከተማውን እንዞር ነበር። በዚያ ላይ እንግሊዝኛው አለ። ኳስ ትርጉም አይፈልግም፤ «ፔፐርስ ፕሊዝ» ግን ከላይ እስከ ታች ንባብ ነው።

ግን ዕድል ሲያገኝ ምን እንደሚሆን አንድ ጊዜ በዓይኔ አይቻለሁ። የፕሌይስቴሽን 2 ዘመን ነው። የሰፈራችን ጌም ቤት ባለቤት ሲዲ ሲገዛ የድብድብ መስሎት «ሻዶው ኦፍ ዘ ኮሎሰስ»ን አመጣ። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ የጃፓን ጌም ነው፤ አንድ ወጣት የሞተች ልጅን ለማስነሳት 16 ግዙፍ ፍጡሮችን ይገድላል። የመጀመሪያው ጠጉራም፣ ተራራ የሚያህል፣ ዱላ የያዘ ነው። ልጁ ጠጉሩን ጨብጦ እግሩ ላይ ሲወጣ ቤቱ ሙሉ ይጮህ ጀመር። «አቦ ያዘው! አቦ እንዳትለቅ!» አናቱ ላይ ወጥቶ ሲወጋው ጩኸታችን መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር። ከዚያ ፍጡሩ ወደቀ። የድል ሙዚቃ ጠብቀን ነበር፣ የመጣው የልቅሶ ዜማ ነው። ከሬሳው ጥቁር ክር የመሰለ ነገር ወጥቶ ልጁን ወጋውና ዘርሮ ጣለው። ቤቱ ጸጥ አለ። ከኋላ አንድ ትንሽ ልጅ፣ «ምን አድርጎት ነው ግን የገደልነው?» አለ። ማንም አልመለሰለትም። ባለቤቱ ሲዲውን አውጥቶ ኳስ ከተተ። እኔ ይህን ስጽፍ ከዚያ ቀን ብዙ ዓመት አልፏል፣ የዚያን ልጅ ድምፅ ግን አልረሳሁትም። በዚያ ዓመት ያገባኋቸውን ጎሎች አንዱንም አላስታውስም።

ስለዚህ ወላጆችን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ልጁን ስንት ሰዓት ተጫወትክ ማለታችሁን አትተዉ፣ ተገቢ ነው። ግን አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ ምን አደረግክ፣ ለምን እሱን መረጥክ ብላችሁ ጠይቁት። ይህ የውጭ አገር ቅንጦት አይደለም። ፖላንድ እ.ኤ.አ. በ2020 «ዚስ ዋር ኦፍ ማይን»ን ዕድሜያቸው 18 ለሞላ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በንባብ ዝርዝር ውስጥ እንደምታስገባ በጠቅላይ ሚኒስትሯ በኩል ያስታወቀችው፣ ከሥነ ምግባርና ከታሪክ ትምህርት ጋር ሊያወያይ ስለሚችል ነው። የዕድሜ ገደቡን እኛም ልናከብረው ይገባል፤ ሕፃን ልጅ እንዲህ ያለ ሸክም አያስፈልገውም። አቅሙም ቢሆን ከዚህ አገር የራቀ አይደለም። የአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ ከአሳዳጇ የምታመልጠውን ዶሮ «ኩኩሉ»ን ሠርቶ በየስልካችን አስገብቷል። ዶሮዋን ያስሮጠ እጅ አንድ ቀን የባቡር ጣቢያ፣ አንድ ፊናንስና ሦስት ቀሚስ የደረበች ሴት ሊሠራ ይችላል። ያንን ጌም እኔ ሳልተኛ እጠብቀዋለሁ።

አክስቴ ከዚያ ክረምት በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ ላፕቶፑ ፊት ተቀምጣለች። መጀመሪያ ከኋላ ሆና ታዝ ነበር፤ ኋላ ማውሱን ራሷ ያዘች። ልጇ ያነብላታል፣ ማህተሙን የምትመታው እሷ ናት። መጀመሪያ ያገኘችውን ሁሉ በአረንጓዴ ታሳልፍ ነበር። ባለፈው እሑድ ወረቀት የጎደለው አንድ ሰው አሳለፈች። ለዚያ ቀን ሦስተኛዋ ስህተት ነበርና፣ ከጎን ያለችው ማሽን እየተንጣጣች የቅጣቱን ወረቀት አወጣች። አምስት ተቆረጠ። አክስቴ ወረቀቷን አየቻት። ማውሱን ለቀቀች።

አንድ ጊዜ ደወሌ ላይ፣ አለች፣ አንድ ልጅ እግር ፊናንስ ከመቀመጫዬ ሥር ያለውን ጥቅልል አይቶታል። ዓይን ለዓይን ተያይተናል። ከዚያ ምንም እንዳላየ ሆኖ አለፈ። እኔ ድሬ እስክንገባ አላህን ሳመሰግን ነው የመጣሁት፤ ስለ ልጁ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም።

«ያን ቀን ከእሱስ ስንት ተቆርጦበት ይሆን?» አለች።